ትልቅ ፕሮጀክት ለከተማ የሚጠቅመው መቼ ነው?



በየምርጫው ዋዜማ ለከተሞቻችን ግዙፍ ፕሮጀክቶች ቃል ይገባሉ። የመሠረት ድንጋይ ይቀመጣል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እናንተው ታውቁታላችሁ። ፓርቲያችን ስለ ኢንዱስትሪና ስለ ከተማ ልማት ያለውን አቋም በዚህ የምርጫ ማኒፌስቶ ሌሎች ገጾች ላይ ዘርዝሯል። በዚህ ርዕሰ አንቀጽ የምናነሣው ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። አንድ ከተማ ትልቅ የመንግሥት ፕሮጀክት ሲመጣለት፣ ጥቅሙ ከአጥር ግቢው ወጥቶ ነዋሪው ደጃፍ የሚደርሰው በምን መንገድ ነው? ለመልሱ ከደቡብ ስዊድን የሉንድን ከተማ እንጠቅሳለን። ስዊድን ለአገራችን አዲስ አይደለችም፤ እ.ኤ.አ. በ1954 በአዲስ አበባ የተቋቋመውና ብዙ መሐንዲሶች ያፈራው የሕንፃ ኮሌጅ የሁለቱ አገሮች የትብብር ውጤት ነበር።

ሉንድ ትልቅ ከተማ አይደለችም። የምትታወቀው እ.ኤ.አ. በ1666 በተመሠረተው ዩኒቨርሲቲዋ ነው። በዚች ከተማ ዳርቻ የአውሮፓ አገሮች በጋራ አንድ ግዙፍ የምርምር ተቋም ይገነባሉ፤ ስሙ ዩሮፒያን ስፓሌሽን ሶርስ ይባላል። ሥራው ባጭሩ ይህ ነው። 600 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው መሣሪያ ውስጥ ፕሮቶን የተባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ወደ ብርሃን ፍጥነት እስኪጠጉ ድረስ ይወነጨፋሉ፤ 2.6 ሜትር ስፋት ያለው፣ ተንግስተን የተባለ ከባድ ብረት የተሞላ የሚሽከረከር ጎማ ይመታሉ፤ ከዚያም ኒውትሮኖች ይወጣሉ። ኒውትሮን ብረትን አልፎ ውስጡን ያሳያል። የብየዳ ስንጥቅ፣ የባትሪ ውስጣዊ ሥራ፣ የመድኃኒትና የፕሮቲን አሠራር በዚህ ይመረመራል።

ይህ ተቋም ወደ ሉንድ የመጣው በአንድ ባለሥልጣን ትእዛዝ ወይም በትውልድ ቀዬ አድልዎ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 የበለጸጉት አገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት በአሜሪካ፣ በእስያና በአውሮፓ እንዲህ ያሉ ተቋማት እንዲገነቡ መከረ። አሜሪካና ጃፓን ቀድመው ሠሩ። የአውሮፓው ዕቅድ እ.ኤ.አ. በ2003 ገንዘብና ፈቃደኛ አገር አጥቶ ቆመ። ኋላም ሦስት ከተሞች ተወዳደሩ፤ የስፔኗ ቢልባኦ፣ የሃንጋሪዋ ደብረጸንና ሉንድ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2009 በብራስልስ ድጋፉ ወደ ሉንድ አጋደለ። የተሸነፉትም ባዶ እጃቸውን አልቀሩም። ሁለቱም አገሮች አባል ሆነው ገቡ፤ ያ የተንግስተን ጎማ የተሠራው በቢልባኦ ባለሙያዎች ነው። አባል አገሮች ከመዋጮአቸው ትልቁን ክፍል በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በየአገራቸው በተሠራ ዕቃ እንዲከፍሉ ስለ ተፈቀደ፣ ሥራውና ዕውቀቱ በየአገሩ ተዳረሰ። ይህን ዘዴ በክልሎቻችን መካከል ያለውን የፕሮጀክት ሽሚያ ለሚያውቅ ሰው ደጋግሞ ማሰብ ይገባል እንላለን።

ወጪውስ? የግንባታው ግምት እ.ኤ.አ. በ2013 ዋጋ 1.843 ቢሊዮን ዩሮ ነበር። ከዚህ ውስጥ ስዊድን 35 በመቶ፣ ዴንማርክ 12.5 በመቶ ለመሸፈን ተስማሙ። ተቋሙ በስዊድን ምድር ሳለ ዴንማርክ ለምን ትከፍላለች? እ.ኤ.አ. በ2000 የተከፈተው የኦረሱንድ ድልድይ ሁለቱን ባሕር ማዶ አንድ ገበያ አድርጎታልና ነው። የተቋሙ የመረጃ ማዕከልም በኮፐንሃገን ተቀመጠ። አስተናጋጅ ግማሽ ያህሉን እንደሚከፍል ሕዝቡ አስቀድሞ ዐውቆ ነበር፤ “በነጻ መጣልን” ያለው የለም።

ከተማዋ ራሷ የሠራችውን ደግሞ ተመልከቱ። በአካባቢው ሌላ የምርምር ተቋም፣ ማክስ ፎር፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ተመረቀ። በሁለቱ ዙሪያ መኖሪያ፣ ትምህርት ቤትና የሥራ ቦታ ያለው ሰፈር ታቀደ። ከባቡር ጣቢያው እስከ ተቋሙ በር 5.5 ኪሎ ሜትር የሚሆን የከተማ ባቡር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ሥራ ጀመረ። (በነገራችን ላይ ይህ ባቡር ውድ ነው ብለው የተከራከሩ የሉንድ ነዋሪዎች ጥቂት አልነበሩም፤ ክርክሩ በአደባባይ ሆነ እንጂ ማንም “ፀረ ልማት” ተብሎ አልታሰረበትም።) ከማሽኖቹ የሚወጣው ሙቀት በከንቱ እንዳይባክን በቧንቧ ተስቦ የሰፈሩን ቤቶች እንዲያሞቅ ታሰበ፤ ከማክስ ፎር የሚወጣው ይህንኑ አገልግሎት ጀምሯል። ስለዚህ ኒውትሮን ምን እንደ ሆነ ጨርሶ የማያውቅ ነዋሪም ከፕሮጀክቱ ድርሻ አለው።

ለሕግ ባለሙያ ግን ከሁሉ የሚያስቀናው ሌላ ነው። ቦታው ከስዊድን ምርጥ የእርሻ መሬቶች የሚቆጠር ነው። ተቋሙም ጨረራማ ዝቃጭ ያስወጣል። ስለዚህ ጉዳዩ በመሬትና በአካባቢ ጥበቃ ፍርድ ቤት ፊት ቀረበ። የአሥራ ሰባት አገሮች ፍላጎት፣ የስዊድን መንግሥት ፊርማ፣ የዩኒቨርሲቲው ክብር ቢኖርም ቁፋሮው ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ ሊጀመር አይችልም ነበር። ፈቃዱ ከነግዴታዎቹ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2014 ሲሆን ግንባታው የተጀመረው ከዚያ በኋላ በዚያው ዓመት ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ መጀመሪያ ዳኛ፣ ቀጥሎ ቡልዶዘር።

ይህን ስንል ስዊድን ገነት ናት ማለታችን አይደለም። በመጀመሪያው ዕቅድ ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ2023 ለተመራማሪዎች ክፍት መሆን ነበረበት፤ አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ2021 የአባል አገሮች ምክር ቤት የጊዜ ሰሌዳውን ከልሶ መክፈቻውን ወደ 2027 ገፋው፣ 550 ሚሊዮን ዩሮ ተጨማሪ ገንዘብ እንደሚያስፈልግም ተነገረ። ትልቅ ሥራ ይዘገያል፣ ይወደዳል። ልዩነቱ መዘግየቱ፣ ምክንያቱና ተጨማሪው ዕዳ ለከፋዩ ሕዝብ በቁጥር መገለጹ ላይ ነው።

በእኛ አገር እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ አዳዲስ የስኳር ፋብሪካዎችን በአምስት ዓመት እንደሚያስገኝ ተነግሮን ነበር። አምስቱ ዓመት ሲያልቅ አብዛኞቹ አላለቁም። መራጩ ሕዝብ በየፋብሪካው ስንት ወጣ፣ ስንት ቀረ፣ ማን ይጠየቃል ብሎ የሚያገላብጠው የተሟላ ሰነድ በወቅቱ አልቀረበለትም። የሕግ ጉድለት ነው እንዳይባል ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ እንዲመክሩ መብት ይሰጣል። በአንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት ፕሮግራም ለተፈናቀሉ ተመጣጣኝ ካሣ ያረጋግጣል። የጎደለው እነዚህን አንቀጾች ወደ ፍርድ ቤት በር የሚያደርስ ዝርዝር አዋጅ ነው።

በመሆኑም ፓርቲያችን ድምፃችሁን ቢያገኝ በመጀመሪያው የምክር ቤት ዘመን የታላላቅ የመንግሥት ፕሮጀክቶች አዋጅ ረቂቅ ያቀርባል። በረቂቁ መሠረት ቦታው የተመረጠበት ምክንያት ከተወዳዳሪ ቦታዎች ጋር ተነጻጽሮ ይታተማል። የብድሩ መጠንና ውሉ ለምክር ቤቱ ሳይቀርብ አይፈረምም። አስተናጋጁ ከተማ የራሱን የቤት፣ የውሃ፣ የመንገድና የትምህርት ዕቅድ አዘጋጅቶ ከፕሮጀክቱ በጀት ድርሻ ይጠይቃል። ተነሺዎች ካሣቸውን ሳይቀበሉ ቤታቸው አይፈርስም፤ ቅር ያለው ሰው ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት ፍርድ ቤት የመሄድ መብት ይኖረዋል፤ ፍርድ ቤቱም ሥራውን የማገድ ሥልጣን ይሰጠዋል። ሥራው ሲዘገይም ኃላፊው ሚኒስትር የተጨመረውን ጊዜና ገንዘብ በየዓመቱ ለምክር ቤቱ በጽሑፍ ያሳውቃል፤ ሰነዱም በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት ለማንኛውም ነዋሪ ክፍት ሆኖ ይቀመጣል።