ቤን ሀንትን ተዉት

ስለ ራግቢ ሊግ ፍጻሜዎች ወሬ ሲነሳ የ2015ቱ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የአውስትራሊያ ሊግ ፍጻሜ ሳይጠራ አይቀርም። ኖርዝ ኩዊንስላንድ ካውቦይስ ከብሪስቤን ብሮንኮስ፣ 17 ለ 16። ጨዋታው ድንቅ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። የምከራከረው ከጨዋታው በኋላ ከተሰፋው ተረክ ጋር ነው። ተረኩ አንድ ጀግና አለው፣ ጆናታን ቱርስተን። አንድ ጥፋተኛም አለው፣ ቤን ሀንት። ይሄ ተረክ ስንፍና ነው። ስንፍናው ደግሞ ሜዳ ላይ አልቀረም፤ ቢሯችን ድረስ ገብቷል።

ራግቢ ሊግ ለማታውቁት በአጭሩ፦ በየቡድኑ 13 ሰው፣ 80 ደቂቃ። ኳስ የያዘው ቡድን ስድስት ጊዜ እስኪጣል ድረስ መግፋት ይችላል፣ ከዚያ ኳሷን ያስረክባል። ኳሷን ከመስመሩ ማዶ መሬት ላይ ማሳረፍ ትራይ ይባላል፣ 4 ነጥብ። ከትራይ በኋላ የምትመታው ምት ከገባች 2 ነጥብ። በጨዋታ መሃል ኳሷን መሬት አንጥሮ በሁለቱ ቋሚዎች መሃል ማሳለፍ ደግሞ ፊልድ ጎል ነው፣ በ2015 1 ነጥብ ብቻ ነበር። ኳሷ ከእጅህ አምልጣ ወደ ፊት ከወደቀች ለተጋጣሚ ትሰጣለች። በቃ፣ ይሄን ያህል ካወቃችሁ ለዚህ ጽሑፍ ይበቃል።

ጥቅምት 4 ቀን 2015፣ ሲድኒ። ስታዲየሙ ውስጥ ከ82 ሺህ በላይ ሰው። ሁለቱም ቡድኖች ከኩዊንስላንድ የመጡ፣ በፍጻሜ ታሪክ የመጀመሪያው። ካውቦይስ ከብሪስቤን ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ከምትገኘው ታውንስቪል የመጣ፣ በ1995 ሊጉን ተቀላቅሎ ለሃያ ዓመት አንድም ዋንጫ ያላነሳ ክለብ ነው። አሥር ዓመት ቀደም ብሎ በ2005 ፍጻሜ ደርሶ ተሸንፏል፤ ያኔም ቱርስተን ነበረበት። ብሮንኮስ ግን ዋንጫ የለመደ ትልቅ ቤት ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ ለታውንስቪል ቢያዝን አይገርምም።

እረፍት ሲወጡ ብሮንኮስ 14 ለ 12 ይመራል። በሁለተኛው አጋማሽ አንድ የቅጣት ምት አገባና 16 ለ 12 ሆነ። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ይቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ። ሰዓቱ እያለቀ ቱርስተን ኳሷን ይዞ እየተሽሎከለከ አግድም ሮጠ፣ ለማይክል ሞርጋን ሰጠ፣ ሞርጋን ተከላካዮቹን ወደ ራሱ ስቦ በእጁ ጫፍ ወደ ቀኝ ጥግ አሳለፋት፣ ካይል ፌልት መስመሩን ተሻግሮ አሳረፋት። የማብቂያው ድምፅ እና ትራዩ እኩል ደረሱ። 16 ለ 16።

አሁን ቱርስተን ከጠርዝ መስመሩ አጠገብ ይመታል። ከገባች ዋንጫው አለቀ። መታት። ቋሚውን ገጨችና ተመለሰች።

ጭማሪ ሰዓት። ሕጉ "ወርቃማ ነጥብ" ነው፤ መጀመሪያ ያገባ ያሸንፋል፣ ጨዋታው እዚያው ይቆማል። ካውቦይስ ኳሷን ከፍ አድርጎ ለመጀመሪያ መታ፣ ቤን ሀንት ሊቀበላት ቆመ፣ ከእጁ አመለጠች። ካውቦይስ ኳሷን አገኘ፣ ትንሽ ገፋ፣ ቱርስተን ፊልድ ጎል መታ። ገባች። አለቀ።

ከዚያ በኋላ የሀንት ስም ሲነሳ አስቀድማ የምትመጣው ያቺ ኳስ ሆነች።

እኛ ሶፍትዌር የምንጽፍ ሰዎች "ጊት ብሌም" የምትባል ትእዛዝ አለችን። አንድ የኮድ መስመር ላይ ስትጠቀሟት መስመሩን መጨረሻ የነካው ማን እንደሆነ ትነግራችኋለች። ስሟ "ወቀሳ" ነው፣ ግን የወቀሳ ማስረጃ አይደለችም። ማን መጨረሻ እንደነካው እንጂ ሲስተሙ ለምን እንደወደቀ አትነግርም። ይሄን የማይለይ ሰው ጥሩ መሐንዲስ አይሆንም። የ2015ን ፍጻሜ በሀንት ስም የሚዘጋው ሰው የሠራው ልክ ይሄንን ነው፦ መጨረሻ የነካውን አይቶ ምክንያቱን አገኘሁ አለ።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳት ልመለስ። ብሮንኮስ በሁለተኛው አጋማሽ ያገባው ሁለት ነጥብ ብቻ ነው። 40 ደቂቃ ሙሉ! አንድ ነጥብ፣ አንዲት ፊልድ ጎል ተጨምራ ቢሆን ያቺ ትራይ አቻ እንኳ አታደርግም ነበር። ጥያቄው እዚያ ነበር፦ የሚመራ ቡድን ለምን ጨዋታውን መዝጋት አቃተው? ቀኝ ጥጉ ለምን ተከፈተ? እነዚህ የ17 ተጫዋቾችና የአሠልጣኞች ጥያቄዎች ናቸው። ግን ለመመለስ አድካሚ ናቸው። "ሀንት ጣላት" ማለት ይቀላል። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል የተባለው ለዚህ ነው፤ ግንዱን የሚመታው ሁሉ ዛፉን የጣለው ምን እንደሆነ አይጠይቅም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ቱርስተን ራሱ ነው። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይሄ ሰው ዋንጫውን የምታስገኝ ምት ስቷል፣ ከዚያ ዋንጫውን ያስገኘች ምት አግብቷል። የጨዋታው ኮከብ ተብሎ የክላይቭ ቸርችል ሜዳሊያን ወሰደ፣ ይገባዋልም። ግን አስቡት፦ ካውቦይስ በጭማሪው ቢሸነፍ ኖሮ የምናወራው ስለዚያች ቋሚ የገጨች ኳስ ነበር። ሰውየው ያው፣ እግሩ ያው። በቱርስተንና በሀንት መሃል ያለው ልዩነት የብቃት ወይም የወኔ አይደለም። አንዱ ከስህተቱ በኋላ ሌላ ዕድል አገኘ፣ ሌላው ሳያገኝ ሰዓቱ ቆመበት። ያን ሰዓት ያቆመው ደግሞ ሕጉ ነው።

ይሄን በሽታ እግር ኳስም አይቶታል። "ወርቃማ ጎል" ትዝ ይላችኋል? የ1996 የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ፣ የቢርሆፍ ኳስ በቼኩ በረኛ እጅ ሾልካ ገባችና ጨዋታው እዚያው ተዘጋ። ከ2004 በኋላ እግር ኳስ ያን ሕግ ጣለው። የአውስትራሊያ ሊግም ከዚያ ፍጻሜ በኋላ ለዋንጫው ዙር ጨዋታዎች ሕጉን ቀየረ፤ መጀመሪያ ሙሉ አሥር ደቂቃ ጭማሪ ይጫወታሉ፣ አሁንም አቻ ከሆኑ ብቻ ወርቃማው ነጥብ ይመጣል። በሚቀጥለው ዓመት እነዚሁ ሁለት ቡድኖች በዋንጫው ዙር ተገናኝተው እንደገና ጭማሪ ውስጥ ገቡ። ካውቦይስ 26 ለ 20 አሸነፈ፤ ብሮንኮስ ግን መልስ ለመስጠት ጊዜ ነበረው። ሕጉ ከተቀየረ ችግሩ የሕግም ነበር ማለት ነው። ታዲያ የሕጉን ድርሻ ለምን አንድ ሰው ይሸከማል?

"ታዲያ ማንም ተጠያቂ አይሁን ነው የምትለው?" ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። ሀንት ያቺን ኳስ መያዝ ነበረበት፤ የእሱ ሥራ ነበር። ተጠያቂነት ግን "የኔ ነው" ብሎ ቆሞ ቀጣዩን ኳስ ለመቀበል መዘጋጀት ነው። ወቀሳ ሌላ ነገር ነው፤ ሌሎቹን 16 ሰዎች ነፃ የሚያወጣ የምስክር ወረቀት ነው። ስሙ ይቅርና አንድ መሥሪያ ቤት አውቃለሁ፤ ሲስተሙ ሌሊት ወደቀ፣ ጠዋት ስብሰባ ተጠራ፣ መጨረሻ ኮድ ያስገባው አዲስ ልጅ ተለይቶ ተነሳ። የሙከራ ሰርቨር እንደሌለ፣ ያንን ኮድ ማንም እንዳልገመገመው አልተነሳም። ልጁ ሄደ። ከሁለት ወር በኋላ ሲስተሙ በዚያው መንገድ ወደቀ። ወቀሳ ይሄን ነው የሚያመርተው፦ ባዶ ወንበርና ያው ብልሽት። የቀሩት ደግሞ አንድ ነገር ተምረዋል፣ ስህተትን መደበቅ።

የሀንትን ታሪክ የሚያውቁ ሰዎች መጨረሻው እኮ ጥሩ ነው ይሉኛል። በ2022 በስቴት ኦፍ ኦሪጂን የመጨረሻ ጨዋታ የተጋጣሚን ምት አቋርጦ ሮጦ አገባ፣ ኩዊንስላንድ ድሉን አረጋገጠ። በ2025 ወደ ብሪስቤን ተመለሰና ከብሮንኮስ ጋር ሻምፒዮን ሆነ፤ ክለቡ ከ2006 በኋላ ያገኘው የመጀመሪያ ዋንጫ ነው። "ካሰ" ተባለለት።

እኔ ይሄን "ካሰ" የሚል ቃል አልቀበልም። ደስ ብሎኛል፣ ግን ዕዳ ያልነበረበት ሰው ምን ይክሳል? በ2023 ጉልበቱ ተጎድቶ ጫማውን ቢሰቅል ኖሮ ጥፋተኛ ሆኖ ይቀር ነበር ማለት ነው? ዋንጫ አግኝተው ስማቸውን ያስመለሱት ጥቂት ናቸው። የሚበዙት አንዲት ኳስ ጥለው፣ ሁለተኛ ሳትመጣላቸው የሄዱት ናቸው። አብረዋችሁ ከሚሠሩት መሃል አንዱ ዛሬ ኳስ ጥሎ ይሆናል። ጣታችሁን ከመቀሰራችሁ በፊት እስኪ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ያ 40 ደቂቃ ሙሉ እኛ ምን እንሠራ ነበር?