ሰሙን ዐይቶ ወርቁን የሳተ መንገደኛ

ወደ እንግሊዝ አገር ከሚሻገሩት የተማሩ ሰዎች አንዳንዶቹ ከለንደን ማልደው ተነሥተው፣ እስከ ባዝ በባቡር፣ ከባዝም በአውቶቡስ ሄደው፣ ዌልስ የምትባለውን ትንሽ የካቴድራል ከተማ በአንድ ቀን ጐብኝተው ማምሻውን ይመለሳሉ። ይህች ከተማ በሶመርሴት ያለች ናት እንጂ ዌልስ የሚባለው አገር አይደለችም። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላም «ታሪክ ማለት ይህ ነው፤ እንደ አሶሳ ባለ አገር ግን ምን የሚታይ ነገር አለ?» ይላሉ። ይህ አነጋገር ከድፍረቱ ይልቅ ስሕተቱ የበዛ ስለ ሆነ ሊመረመር ይገባዋል።

መንገደኛው በዌልስ ያየው ምንድር ነው? በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ መሠረቱ የተጣለውን፣ በሐዋርያው በእንድርያስ ስም የተሠራውን ካቴድራል አየ። በምዕራብ ፊቱ የቆሙትን 300 ያህል የድንጋይ ምስሎች አደነቀ። ከ600 ዓመት በላይ የሆነው ሰዓት በየሩብ ሰዓቱ ፈረሰኞቹን ሲያጋጥም ዐይቶ ደስ አለው፤ ፎቶግራፍም አነሣ። ይህን ማየት ነውር አይደለም።

ነገር ግን ያላስተዋለው ሌላ ነገር አለ። ከካቴድራሉ አጠገብ በ14ኛው መቶ ዓመት ለመዘምራን ማደሪያ የተሠሩ ቤቶች በግራና በቀኝ የተሰለፉበት መንገድ አለ፤ መዘምራኑ ዛሬም በዚያ ይኖራሉ። ዳግመኛም የግንቡ ክብደት መሠረቱን ባስጨነቀው ጊዜ፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1338 እስከ 1348 ባለው ዘመን፣ መቀስ የመሰሉ ታላላቅ ቅስቶችን ከበታቹ አቁመው ደገፉት እንጂ «ሊፈርስ ነው» ብለው አልተዉትም። በ1685 ዐመፀኞች የጣራውን እርሳስ ገፍፈው ጥይት ባደረጉትም ጊዜ እንደ ገና ጠገኑት። እንግዲህ ዌልስን ያስከበራት ድንጋዩ ብቻ አይደለም፤ ድንጋዩን የሚደግፍና በውስጡ የሚዘምር ሰው ትውልድ ከትውልድ መቀበሉ ነው። በቅኔ ቤት የዋለ ሰው እንደሚያውቀው፣ ድንጋዩ ሰም ነው፤ ጠባቂው ወርቅ ነው። መንገደኛው ግን ሰሙን ዐይቶ ወርቁን ሳይፈታ ተመለሰ።

የወርቅ ነገር ከተነሣ ወደ ቤኒሻንጉል መመለስ ተገቢ ነው። የዌልስ ስም የመጣው ከምንጮቿ ነው፤ ምንጮቹም በጳጳሱ ቤት ግቢ እስከ ዛሬ ይፈልቃሉ። መንገደኛው ይህን ተምሮ መጣ፤ የገዛ አገሩ ስም ከወዴት እንደ መጣ ግን አልጠየቀም። ቤኒሻንጉል የሚለው ስም ጥንት «ቤላ ሻንጉል» ነበር፤ ይኸውም የሻንጉል ድንጋይ ማለት ሲሆን፣ በመንጌ በተራራ ላይ ያለውን፣ በርታዎች ያከበሩትን ድንጋይ ያመለክታል። በአሶሳም አካባቢ ቤል ቁርቁሙ በሚባለው የዋሻ መጠለያ ተመራማሪዎች ቈፍረው የድንጋይ ዘመን ሰዎችን የእጅ ሥራ አግኝተዋል፤ ጥናታቸውም በአውሮፓ አቈጣጠር በ2007 ታትሟል። ታሪክ በድንጋይ የሚለካ ከሆነ፣ የአሶሳ ድንጋይ የዌልስን ድንጋይ በብዙ ሺህ ዓመት ይቀድመዋል።

ከዚህም የሚበልጥ አለ። መንገደኛው አውቶቡስ በጠበቀባት በባዝ ከተማ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በስደታቸው ዘመን እስከ 1932 ዓ.ም. ተቀምጠዋል፤ የኖሩበትንም ፌርፊልድ የተባለውን ቤት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1958 ለከተማዪቱ ሰጥተዋል። ከእንግሊዝ ተነሥተው በሱዳን በኩል ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ወደ አገራቸው ገቡ፤ ቀጥሎም በበላያ ተራራ ሰፈሩ። በላያ ዛሬ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በመተከል፣ በዳንጉር ወረዳ ያለ ነው። የስደቱን ከተማ ለማየት ባሕር የተሻገረው የአሶሳ ሰው፣ የመመለሻውን ተራራ ለማየት ዐባይን አልተሻገረም።

በዚህ ነገር የሚነቀፈው መንገደኛው ብቻ አይደለም። ደብር የሌለበት አገር ሁሉ ታሪክ የሌለው የሚመስላቸው ካህናትም አሉ። ነገር ግን የበርታ ሽማግሌ ያባቶቹን ነገር ቢናገር፣ ሃይማኖቱ ሌላ ስለ ሆነ ምስክርነቱ ሐሰት አይሆንም።

«ሰላም በሌለበት መንገድ ማን ይጓዛል?» የሚል ይኖራል። ይህ ቃል በከንቱ የሚጣል አይደለም። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት በመተከል የብዙ ንጹሓን ደም ፈሷል፤ ብዙ ሰውም ከቤቱ ተፈናቅሏል። ነገር ግን ይህ መከራ ዝምታን የሚያጸድቅ ሳይሆን የሚወቅስ ነው። ጎረቤቴ ታሪክ የለውም ብሎ የሚያምን ሰው ጎረቤቱን እንደ መጤ ይቈጥረዋል፤ እንደ መጤ የቈጠረውንም ለመግፋት አይከብደውም። ስለዚህ «አሶሳ ታሪክ የላትም» ማለት የጨዋታ ቃል አይደለም፤ ጉዳት የሚያስከትል ቃል ነው።

«ታላቅ ሕንፃ ሳይኖር ምን ይታያል?» ለሚሉም መልሱ አጭር ነው፤ ከሕንፃው በፊት ጠባቂው ይቅደም። የመንጌ ሽማግሌዎች የሚያውቁት ነገር ከእነርሱ ጋር ሳይቀበር በገዛ ቋንቋቸው ይጻፍ። የአሶሳ መምህራን ተማሮቻቸውን ይዘው ሽማግሌዎቹ ወዳሉበት ይሂዱ። የበላያም ነገር በጉሙዝ፣ በሺናሻ፣ በአገውና በዐማራ አንደበት ሳለ ይሰብሰብ። ለዚህ ሥራ ጆሮ፣ ብራናና ትዕግሥት ይበቃል።

ወደ ዌልስ የሚሄድ ይሂድ፤ ማንም አይከልክለው። ነገር ግን በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል እንደ ተባለ፣ የሰውን ሲያደንቅ የራሱን መዳብ እንዳያደርግ ይጠንቀቅ። ከዚያች ከተማ ይዞ ሊመለስ የሚገባው የምስሎቹን ፎቶግራፍ ሳይሆን፣ ያዘነበለውን ግንብ ደግፈው ያቆሙትን ሰዎች ልብ ነው።