ካምሻፍት ይገዛል፤ ሰዓቱ ግን ይለካል!

የመኪና ውድድር ተመልካች አንድ አመል አለው። መኪናዋ ካሸነፈች ጭብጨባው ለሾፌሩ ነው፤ ከተሸነፈች እርግማኑ ለሞተሩ። የኳስ ተመልካቹም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ጎሉን ያገባው በትከሻ ይነሳል፤ ኳሷን በሰዓቷ ያሾለከለት አማካይ ግን ላቡን ጠርጎ ዝም ብሎ ወደ መልበሻ ክፍል ይገባል። ሞተር ውስጥም እንዲህ ያለ ስሙ የማይነሳ አማካይ አለ። ካምሻፍት ይባላል።

ሥራው ቫልቮችን በሰዓታቸው መክፈትና መዝጋት ነው። ክራንክ ሻፍቱ ሁለቴ ሲዞር እሱ አንዴ ይዞራል። ቫልቩ ምን ያህል እንደሚከፈትና ለስንት ዲግሪ ክፍት እንደሚቆይ የሚወስነው የካምሻፍቱ ጉብታ ቅርጽ ነው። ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ አሜሪካኖቹ ከጠዋቱ ገብቷቸዋል። በ1956 (እ.ኤ.አ) በፍሎሪዳ፣ ዴይቶና ቢች አሸዋ ላይ ኮርቬትን በሰዓት ከ150 ማይል (241 ኪሎ ሜትር) በላይ ያበረራት ዞራ አርከስ ደንቶቭ፣ የውድድር ካምሻፍቱን ራሱ የነደፈ መሐንዲስ ነበር። ካምሻፍቱ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ብዙዎች የውድድር ካምሻፍት መግዛትን ጉልበት እንደ መግዛት መቁጠራቸው ላይ ነው። እንደ ሼቭሮሌት ቪ8 ባሉ ሞተሮች የተለመደው አሠራር ይታወቃል። በክራንኩና በካሙ ጥርሶች ላይ ያሉት ሁለት ነጥቦች ፊት ለፊት ይገጠማሉ፣ ቡሎኑ ይጠብቃል፣ ክዳኑ ይዘጋል። አለቀ! “ፋብሪካው ነጥቡን ያደረገው ለዚህ አይደል እንዴ?” ይባላል።

ክርክሩ ባዶ አይደለም። የፋብሪካ ዕቃ በፋብሪካ ዕቃ ለሚተካበት የሰፈር መኪና ነጥቡ ይበቃል። ለውድድር ሞተር ግን አይበቃም። ካሙ፣ ጥርሶቹ፣ ካቴናው፣ የክራንኩ ቁልፍ መግቢያ፣ ሁሉም ጥቂት ጥቂት ስህተት ሊኖራቸው ይችላል። ጥቂቱ ሲደመር ሁለት ሦስት ዲግሪ ይሆናል። የኳስ ሰው በቀላሉ ይገባዋል፤ ነጥቡ የመስመር ዳኛው ዐይን ነው፤ የዲግሪ ዲስኩ ቫር ነው።

አለካኩም የጠንቋይ ሥራ አይደለም። ዲስኩ ክራንኩ ጫፍ ላይ ይታሰራል። ቀጥሎ የአንደኛው ፒስተን ትክክለኛ የላይ ጫፍ ይፈለጋል። ፒስተኑ እዚያ ሲደርስ ለአፍታ የቆመ ስለሚመስል ዐይን ይሸወዳል። ስለዚህ ፒስተኑን የሚያግድ ማቆሚያ ይታሰርና ክራንኩ በእጅ፣ በሁለቱም አቅጣጫ እስኪነካው ይዞራል፤ የሁለቱ ንባቦች እኩሌታ ዜሮ ነው። ማቆሚያው ወጥቶ ዳያል ጌጅ በማስገቢያው ቫልቭ ታፔት ላይ ይደረጋል። ታፔቱ ከከፍታው ጫፍ ሊደርስ 1.27 ሚሊ ሜትር ሲቀረው አንድ ንባብ፣ ጫፉን አልፎ ያንኑ ያህል ሲወርድ ሌላ ንባብ ይያዛል። በዚህ ጊዜ ክራንኩ ወደ ኋላ አይመለስም፤ የካቴናው ልልነት ቁጥሩን ያበላሻል።

ንባቦቹ 72 እና 144 ቢሆኑ ድምሩ 216፣ ግማሹ 108 ነው። ከካሙ ጋር የመጣው ካርድ 106 የሚል ከሆነ ካሙ 2 ዲግሪ ዘግይቷል ማለት ነው። የዘገየ ካም ጉልበቱን ወደ ከፍተኛው ዙር ይገፋዋል፤ የቀደመ ደግሞ ወደ ታችኛው ዙር ያወርደዋል። ማስተካከያው ብዙ ቁልፍ መግቢያ ያለው የክራንክ ጥርስ ነው። ከተስተካከለ በኋላም እንደገና ይለካል።

“ለሁለት ዲግሪ ይሄ ሁሉ?” የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ለሁለት ዲግሪ! ትልቅ ካም ሲገባ ቫልቩና ፒስተኑ ይቀራረባሉ። የተለመደው መመዘኛ በማስገቢያው ቫልቭ በኩል 2፣ በማስወጫው በኩል 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት መኖሩ ነው። ፒስተኑ ላይ ሸክላ ጭቃ ለጥፎ፣ ሞተሩን በእጅ አዙሮ፣ የጭቃውን ውፍረት መለካት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ያን የዘለለ ሰው የተጣመመ ቫልቭና የተበሳ ፒስተን ታቅፎ ይቀራል።

ደግሞ የድምፁ ነገር አለ። ትልቅ ካም የገባበት ሞተር በሚኒሞ ላይ ሲንገጫገጭ ወጣቱ ልቡ ይጠፋል። ድምፅ ግን ፍጥነት አይደለም። ለሞተሩ የማይመጥን ካም የታችኛውን ዙር ጉልበት ይበላል፤ የሞተሩን የመሳብ ኃይል ስለሚቀንስም ፍሬኑን ያከብዳል። ኳስ የሚያቀብል ሳይኖር ውድ አጥቂ እንደገዛ ክለብ ማለት ነው፤ ማሊያው ይሸጣል፣ ጎል የለም።

አበው “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” ያሉት ለዚህም ይሆናል። ጭብጨባው ለሾፌሩ ይሁን፣ ማንም አይቀናበትም። ሆኖም ከጭብጨባው ትንሽ ተቆርሶ፣ ክዳኑ ከመዘጋቱ በፊት ዲስኩን አስሮ ሁለት ጊዜ ለለካው መካኒክም ይድረሰው። መኪናዋ ያሸነፈችው ያኔ፣ ጋራዥ ውስጥ ነበር።