የበሩ ካሜራ ይቆይ፣ የሳሎኑ ይውረድ



ባለፈው ዓመት ሳሎናችን ውስጥ የሰቀልኩትን ካሜራ በገዛ እጄ አወረድኩት። የውጭው በር ላይ ያለው ግን እስካሁን አለ። አንዱን አውርጄ ሌላውን ለምን እንደተውኩት ልንገራችሁ። ብዙዎቻችሁ ቤት ተመሳሳይ ነገር እንዳለ አውቃለሁ።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ነርስ ነኝ፤ በሳምንት ሦስት ሌሊት የአሥራ ሁለት ሰዓት ሺፍት እሠራለሁ። ባለቤቴ ደግሞ ማታ ማታ ታክሲ ይነዳል። የበሩን ካሜራ የገዛነው ደጃፍ ላይ የሚቀመጥልን ዕቃ ሁለቴ ከተሰረቀ በኋላ ነው። አንድ ሌሊትም የማናውቀው ሰው እጀታውን ሲሞክር ታይቷል። በዚህ ካሜራ አላፍርም። ግመልን አስሮ በአላህ መመካት ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተማርነው ነው።

ከዚያ እናቴ ልጆቼን ልታግዘኝ ከደሴ መጣች። እኔም ለልጆቹም ለእሷም ደህንነት ብዬ አንድ ርካሽ ካሜራ ገዝቼ ከመጻሕፍት መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩ፤ ሶፋውን ፊት ለፊት ያያል። «እማዬ፣ ይሄ ልጆቹን ለማየት ነው» አልኳት። «እሺ ልጄ» አለችኝ። ነገርኳት እንጂ አላስፈቀድኳትም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እናቴ ከጠዋት እስከ ማታ ቤት ውስጥ ሻሿን እንደማታወልቅ ልብ አልኩ። ብርድ መስሎኝ ማሞቂያውን ጨመርኩ። ነገሩን የነገረችኝ የሰባት ዓመቷ ልጄ ናት፦ «አያቴ ሶፋው ላይ ጋደም አትልም፤ ያ ነገር ያየኛል ትላለች። ፀጉሯንም ሽንት ቤት ገብታ ነው የምታበጥረው።» ያን ሰምቼም እንኳ አላነሳሁትም። «ትለምደዋለች» አልኩ።

አንድ ሌሊት ሥራ ቦታ እረፍት ላይ ሳለሁ ስልኬ «እንቅስቃሴ ታይቷል» አለኝ። ከፈትኩት። እናቴ ልጆቹን እንዳትቀሰቅስ ሳሎን ወጥታ የሌሊት ሰላት ሰግዳ ዱዓ ላይ ናት። መብራት አላበራችም። ካሜራው በጨለማ ያያል ብላ አላሰበችም፤ ድምፅ እንደሚሰማም አልነገርኳትም ነበር። እያለቀሰች ጌታዋን ትለምናለች፤ ስሜንም ትጠራለች። ማጥፋት ነበረብኝ፤ አላጠፋሁትም። ምን እንዳለች እዚህ አልጽፍም። በእሷና በአላህ መካከል የነበረ ነው። ጠዋት ቤት ስገባ ሻይ ቀድታ «እንዴት አደርሽ?» ስትለኝ ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

እህቶቼ፣ ሥራ ቦታዬ ላይ የታካሚ ክፍል የምገባው አንኳኩቼ ነው። ገላውን ከመግለጤ በፊት መጋረጃ እስባለሁ፣ ምን ላደርግ እንደሆነ እነግረዋለሁ፣ እሺ እስኪል እጠብቃለሁ። የመውደቅ አደጋ ያለበትን ታካሚ በካሜራ የምንከታተልበት ጊዜ አለ፤ ያኔም ለእሱ ወይም ለቤተሰቡ እንናገራለን፣ ስናጥበው ካሜራውን እንጋርዳለን። ለማላውቀው ሰው ይህን ሁሉ እያደረግኩ ለወለደችኝ እናት አላደረግኩትም።

እኔ ዓሊማ አይደለሁም፤ ፈትዋ መስጠት ቦታዬ አይደለም። የምናውቀውን ብቻ ላስታውስ። በሱረቱ-ን-ኑር (24፡27) ሰው ቤት ሳናስፈቅድና ሰላም ሳንል እንዳንገባ ታዘናል። እዚያው ሱራ (24፡58) ላይ ነገሩ ወደ ገዛ ቤታችን ይገባል፦ ከሱብሒ በፊት፣ ቀትር ላይ ልብስ በሚወልቅበት ጊዜና ከዒሻ በኋላ የቤቱ ትንንሽ ልጆች እንኳ ያስፈቅዳሉ። ሰው በቤቱም ውስጥ ማንም ሳያየው የሚያርፍበት ሰዓት አለው ማለት ነው። ሱረቱል ሑጁራት (49፡12) ደግሞ መሰለልን ይከለክላል። አንድ ሰው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በር ቀዳዳ አጮልቆ በተገኘ ጊዜ፣ ማስፈቀድ የተደነገገው በዓይን ምክንያት መሆኑን እንዳስተማሩ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። እንግዲህ የሳሎኔ ካሜራ የማይዘጋ የበር ቀዳዳ ካልሆነ ምንድን ነው?

ሌላም ነገር አለ። እህቶች ቤቴ ሲሰበሰቡ ወንድ የለም ብለው ሒጃባቸውን ያወልቃሉ። ያ ካሜራ ግን ቪዲዮውን ወደ እኔም ወደ ባለቤቴም ስልክ ይልካል፣ ኮፒውንም ኩባንያው ጋ ያስቀምጣል። አንዷ እንግዳ «ይሄ ይቀርጻል እንዴ?» ስትለኝ «ኧረ ጠፍቷል» አልኳት። ስፈትሸው አልጠፋም ነበር። በእንግድነት የመጣችብኝን ሴት ዐውራ ሳላውቅ አሳልፌ ልሰጥ ነበር።

ኩባንያው ጋ የሚቀመጠው ነገር ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የአማዞን ንብረት በሆነው ሪንግ ላይ ክስ አቅርቦ ኩባንያው 5.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ከክሱ ነጥቦች አንዱ አንድ ሠራተኛ መታጠቢያና መኝታ ክፍልን በመሰሉ ቦታዎች ካሜራ የሰቀሉ ሴቶችን በሺዎች የሚቆጠሩ ቪዲዮዎች ለወራት ሲመለከት ነበር የሚል ነው። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ ዋይዝ የተባለው ኩባንያ ወደ 13,000 ለሚጠጉ ደንበኞቹ የሌላ ሰው ቤት ምስል በስህተት እንደታያቸው አምኗል። በ2019 ሚሲሲፒ ውስጥ ልጆች መኝታ ክፍል በተሰቀለ ካሜራ ሰብሮ የገባ ሰው የስምንት ዓመት ልጅ አናግሯል። ያንንም ካሜራ የሰቀሉት ልጆቻቸውን ለመጠበቅ ብለው ነበር።

በሳዑዲ፣ በኩዌትና በኤሚሬትስ ሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የአክስቴ ልጅ ጂዳ ውስጥ አራት ዓመት ሠርታለች። ወጥ ቤቱም፣ ሳሎኑም፣ ወደ ክፍሏ የሚወስደው ኮሪደርም ካሜራ ነበረው። «ሥራው አይደለም የገደለኝ፣ ያ ዓይን ነው» ትለኝ ነበር። ለማልቀስ ሽንት ቤት ትገባ ነበር። ያኔ በአሠሪዎቿ ተናድጄ ነበር። እናቴ ፀጉሯን ለማበጠር ሽንት ቤት ስትገባ ግን አሠሪዋ እኔው እንደሆንኩ አልታየኝም።

«ልጄን የምትይዘው ሴት ብትመታውስ?» ትሉኝ ይሆናል። ፍርሃቱ እውነት ነው፤ እኔም እናት ነኝ። የመርሳት ሕመም ያለባቸውን ወላጅ የምታስታምሙም አላችሁ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ካሜራ አስፈላጊ ሊሆን ይችላል፤ ግን በግልጽ ይሁን። ሠራተኛዋ ከመቀጠሯ በፊት ትወቅ፣ የት እንዳለና ማን እንደሚያይ ይነገራት፣ የምትተኛበትና የምትሰግድበት ቦታ ነፃ ይሁን። ተደብቆ የሚቀመጥ ካሜራ አማናን ያፈርሳል። ደግሞም ካሜራ የተከሰተውን ያሳያል እንጂ የሰነፍ ምርጫን አይተካም። ልጅ የሚይዝ ሰው ከመቅጠራችን በፊት መጠየቅ፣ ማጣራትና ሳይታሰብ ብቅ ማለት ዛሬም ይሠራል።

ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ወይም ከገዛችሁ፣ እኔ የተማርኩትን ላካፍላችሁ፦

አንደኛ፣ ቦታው። ካሜራው ከውጭ ወደ ውጭ ይይ። በሩ ሲከፈት ቤት ውስጥ የሚያሳይ ከሆነ አቅጣጫውን አዙሩት። የጎረቤትን መስኮት እንዳይቀርጽ አብዛኞቹ አፖች ላይ የተወሰነ ቦታን መሸፈኛ አለ። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ከግቢያችሁ አልፎ መንገድ የሚቀርጽ ካሜራ ለመረጃ ጥበቃ ሕግ ተገዢ እንደሚያደርጋችሁ እወቁ፤ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2014 እንዲህ ወስኗል።

ሁለተኛ፣ ድምፅ። ካላስፈለገ አጥፉት። እኔ ባለሁበት ሜሪላንድ የሰዎችን የግል ንግግር ሁሉም ሳይፈቅዱ መቅዳት በሕግ ያስቀጣል። እኔ ይህን ያወቅኩት ካሜራውን ካወረድኩ በኋላ ነው።

ሦስተኛ፣ ቪዲዮው የት ይቀመጣል? ቤት ውስጥ ባለ ሚሞሪ ካርድ ወይም መቅጃ ላይ የሚያስቀምጡ አሉ፤ ወርሃዊ ክፍያም ያስቀራሉ። ጉዳታቸው ሌባ ካርዱን ይዞት ሊሄድ መቻሉ ነው። ክላውድ ከመረጣችሁ፣ ልክ እንደ ዋትስአፕ መልእክት ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሰጠረውን ፈልጉ። አንዳንዶቹ ላይ ይህ ያለው በማብሪያ ስለሆነ ራሳችሁ ካላበራችሁት አይሠራም። በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሱ እንዲሰርዝም አስተካክሉት።

አራተኛ፣ ፓስወርድ። ሌላ ቦታ የማትጠቀሙበት ይሁን፣ በስልክ የሚመጣውን ሁለተኛ ማረጋገጫ አብሩ። ያገለገለ ካሜራ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት አለመቅረቱን አጣሩ።

አምስተኛ፣ አካውንቱ በማን ስም ነው? ይህን በተለይ ለእናንተ እላለሁ። ባልየው ብቻ የሚያየው፣ ሚስት መቼ እንደወጣች፣ ማን እንደመጣባት የሚቆጥር ካሜራ ቤት ጠባቂ አይባልም። ሁለቱም የሚያዩት፣ ሁለቱም የሚያጠፉት ይሁን። የተፋታችሁ እህቶች ደግሞ ተጋሪ ተብለው የተመዘገቡትን ስሞች ዛሬውኑ ተመልከቱ።

ስድስተኛ፣ ለማንኛውም እንግዳ ከመቀመጧ በፊት ንገሯት። ሳትጠይቃችሁ።

ወደ እናቴ ልመለስ። ካሜራውን ካወረድኩ በኋላ አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ዱዓዋን መስማቴንም። «እማዬ፣ አፉ በይኝ» አልኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «አፉ ብዬሻለሁ። ልታይኝ ከፈለግሽ ደውዪልኝ፤ አነሳለሁ» አለችኝ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሻሿን አውልቃ ሶፋው ላይ ተኛች። አሁን እረፍት ላይ ስሆን እደውላለሁ። ልጆቹ ምን እንደበሉ፣ መች እንደተኙ ትነግረኛለች። ካሜራው አይቶ ከሚነግረኝ በላይ ነው የምትነግረኝ።

አላህ ቤቶቻችንን ከሌባም ከአጮላቂም ይጠብቅልን፤ የገዛ ቤተሰባችንን ሚስጥር የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም።