ሳይመዘገብ አይፍረስ፦ ለጅግጅጋ ከተማ ከንቲባ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለጅግጅጋ ከተማ አስተዳደር ከንቲባ
ግልባጭ፦ ለሶማሌ ክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮ

ክቡር ከንቲባ፣

 እኛ የቱሊ ጉሌድ ወረዳ ሰዎች ጅግጅጋ የምንመጣው ለገበያ፣ ለሕክምናና ለጉዳይ ነው። ከተማዋ ስትሰፋና ስትጸዳ ደስ ይለናል፤ የእግረኛ መንገድ፣ መብራትና የጎርፍ መውረጃ ያስፈልጋታል። መንገድ የሚያሰፋው የኮሪደር ልማት ይቁም አልልም። የመሀል ከተማው አሮጌ ቤቶች ማን እንደሠራቸውና ምን እንዳዩ ሳይጻፍ እንዳይፈርሱ ግን እለምንዎታለሁ።

አሮጌዎቹ ሱቆች በረድፍ ወዳሉበት መንገድ አንድ ቀን በእግርዎ ይውጡ። በአሉሚኒየምና በመስታወት ከተለበጠው የሞባይል መሸጫ ጎን ያለውን ግድግዳ ይመልከቱት። ልስኑ በተላጠበት በኩል በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ይታያል። የእንጨቱ መዝጊያ ቀለም በቀለም ላይ ስለተደራረበበት አረንጓዴው ሲላጥ ሰማያዊው፣ ሰማያዊው ሲላጥ ቡናማው ብቅ ይላል። ባለሱቁን «ይህ ቤት የማን ነበር?» ቢሉት «የድሮ ነው» ይልዎታል። ከዚያ በላይ የሚያውቁ ሽማግሌዎች በየሰፈሩ አሉ፤ መዝገብ ይዞ የጠየቃቸው ግን አላየሁም።

ከተማ ከመሆኑ በፊት ቦታው ከዘይላ ወደ ሐረር ለሚጓዙ ቅፍለቶች ውሃ ያለበት ማረፊያ ነበር። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጅግጅጋ ገዥ ሳሉ፣ በ1909 ዓ.ም. ገደማ፣ መንገዶቹን በቀጥታ አስምረው ከተማዋን እንደቆረቆሩ በሕይወት ታሪካቸው ጽፈዋል። ሩሲያ የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ፣ ኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። እንግዲህ ዛሬ ባጃጅ የሚተራመስበት ቀጥ ያለ መንገድ ራሱ፣ ዳርና ዳሩ ካሉት ቤቶች ቀድሞ ቅርስ ሊባል የሚገባው ነው። ማስፋፊያው ሲነደፍ ይህን መስመር ከቁም ነገር የቆጠረ መሐንዲስ ይኖር ይሆን?

ከዚያ ወዲህ ያ መሀል ከተማ ያላየው የለም። በ1928 ጣሊያን ገባ። በ1933 እንግሊዝ አስወጥቶት እስከ እ.ኤ.አ. 1948 በጦር አስተዳደር ቆየ። ከተማዋ ለኢትዮጵያ በምትመለስበት ሰሞን የሶማሊ ወጣቶች ሊግ የተባለው ፓርቲ በጽሕፈት ቤቱ ላይ የሰቀለውን ባንዲራ አላወርድም በማለቱ ግጭት ተነሥቶ 25 ያህል ሰዎች ሞቱ። ያ ጽሕፈት ቤት የትኛው ነበር? «ይኸው» ብሎ ጣቱን የሚቀስር ወጣት አላገኘሁም። በመስከረም 1970 የሶማሊያ ጦር ከተማዋን ያዘ፤ በዚያው ዓመት የካቲት 26 ካራማራ ላይ ተሸንፎ ለቀቀ። በሐምሌ 2010 ደግሞ አብያተ ክርስቲያናትና ሱቆች ሲቃጠሉ ዓይናችን አይቷል።

እነዚህ ትዝታዎች እርስ በርስ አይስማሙም። ለአንዱ ድል የሆነው ለሌላው ሐዘን ነው። ስለዚህ መዝገቡ የአንዱን ይዞ የሌላውን የሚጥል እንዳይሆን አደራ እላለሁ። ቅኝ ገዥዎችን የተዋጉት የሶማሊ መሪ የሰይድ መሐመድ ዓብዱላ ሐሰን ሐውልት በከተማዋ ቆሟል፤ መቆሙም ተገቢ ነው። ሐውልት ግን ዛሬም ነገም ይሠራል። ጣሊያንንም እንግሊዝንም ያሳለፈ ግድግዳ አንዴ ከተናደ በምንም በጀት አይመለስም።

ሕጉ አለ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብና እንዲጠበቅ ያዛል፤ ያልተመዘገበ ቤት ግን በተግባር ጠባቂ የለውም። ሌላም ነገር አለ። አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ በየከተማው ብዙ አሮጌ ቤቶች የቀበሌ ሆነዋል። አከራዩ መንግሥት በሆነበት ቤት ጣሪያው ሲያፈስ፣ ግድግዳው ሲሰነጠቅ ተጠያቂው ተከራዩ አይደለም። «አርጅቷልና ይፍረስ» ከማለት በፊት እድሳቱ ለምን እንደቀረ መጠየቅ ያለበት የእርስዎ መሥሪያ ቤት ነው።

ጎረቤታችን ሐረር ጀጎልን በ1998 በዩኔስኮ አስመዝግባለች። ጅግጅጋ የግንብ ከተማ አይደለችም፤ ከሐረር ጋር ላወዳድራትም አልፈልግም። ይልቅ የሚያሳስበኝ ፒያሳ ነው። በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባው ፒያሳ ሲፈርስ «ይኼኛው ቅርስ ነው፣ ያኛው አይደለም» የሚለው ክርክር የደራው ማሽኑ ከገባ በኋላ ነበር። እኛ ገና ጊዜ አለን።

ወጪውም የሚከብድ አይደለም። የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስናና የታሪክ ተማሪዎች በአስተማሪ እየተመሩ ቤት ለቤት ይዙሩ፤ ይለኩ፣ ፎቶ ያንሱ፣ ሽማግሌዎቹን በሶማሊኛም በአማርኛም ይቅረጹ። ሽማግሌዎቹ በየዓመቱ እየተለዩን ነውና ከሁሉ የሚያስቸኩለው ቀረጻው ነው። የተመረጡት ቤቶች በር ላይ በሁለቱም ቋንቋ ሰሌዳ ይለጠፍ። ቤቱን ሳያፈርስ ለሚያድስ የግል ባለቤት የግብር እፎይታ ይታሰብለት። መነሣቱ የግድ የሆነ ቤት ቢኖር ልኩና ፎቶው በመዝገብ ይቅር፤ በሩና መስኮቱም ለሙዚየም ይቀመጥ።

ክቡር ከንቲባ፣ ጥያቄዬ አንድ ነው። ለመሀል ከተማው የሚቀጥለው የማፍረሻ ደብዳቤ ከመፈረሙ በፊት የአሮጌ ቤቶቹ ዝርዝር ይዘጋጅ፤ ዝርዝሩም ሕዝቡ አይቶ የጎደለውን እንዲጨምርበት በከተማ አስተዳደሩ በር ላይ ይለጠፍ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቱሊ ጉሌድ ነዋሪ