ያልመጣ ሞት

ሥነ ጽሑፋችን የሞተን ማልቀስ ያውቅበታል፤ ሙሾውና እንጉርጉሮው ምስክር ናቸው። ሳይመጣ የቀረን ሞት የሚያወሳ ግን አላየሁም። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ለእርሱ ነው።

ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2008 የ12 እና የ13 ዓመት ልጃገረዶችን በየትምህርት ቤቱ የሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ክትባት መከተብ ጀመረች። የማኅፀን በር ካንሰር ከጥቂቱ በቀር መነሻው ይኸው ቫይረስ ነው። ልጆቹ አድገው ወጣት ሴቶች ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት መዝገባቸውን ሲመረምር፣ በዚያ ዕድሜ ከተከተቡት መካከል ይህ ካንሰር የተገኘባት አንዲት እንኳ አልነበረችም።

“ለአንድ ፍሬ ልጅ ይህ ምኗ ነው?” የሚሉ አሉ። ክትባቱ ቫይረሱ ሳይገባ ይከላከላል እንጂ የገባውን አያስወጣም፤ በልጅነት መሰጠቱም ለዚህ ነው። “ያመክናል” የሚለውም ወሬ እውነት አይደለም። ማኅፀን የሚያሳጣውስ ካንሰሩ ነው።

በአገራችንም ክትባቱ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀምሯል። እኔን የሚያሰጋኝ ዝምታችን ነው። እናትነትን በግጥም በማወደስ የማንታማ ሰዎች፣ የማኅፀንን ሕመም በስሙ ለመጥራት እናፍራለን። በስሙ ያልተጠራ ነገር ደግሞ ለአሉባልታ ይመቻል።

አንባብያን ሆይ፣ ሴት ልጅ ያላችሁ በሽታውን በስሙ ጥሩላት፤ ክትባቱንም አስከትቧት። ይህን ሳናደርግ ኋላ የምናወርደው ሙሾ ለእኔ ግብዝነት ነው።