ጅብ ከሄደ ውሻ እንዳይጮኽ

አሰላ ከተማ ውስጥ አንድ ሱቅ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የቴሌብር ኪው አር ኮድ ትንሽ ቢፋቅ ወይም ጭቃ ቢረጨው ብዙ ጊዜ ክፍያ አይከለክልም። አስማት አይደለም፤ ሪድና ሰለሞን የተባሉ የሒሳብ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጡት ስህተት አራሚ ኮድ ነው። ኮዱ ላይ አስቀድሞ ትርፍ መረጃ ይጨመራል፤ ስልኩም በዚያ ትርፍ የጠፋውን አስልቶ ይሞላል። እንደተመረጠው ደረጃ ከ7 እስከ 30 በመቶ የሚደርስ ጉዳት ይጠግናል።

ይህ የሚቀለው ግን ስልኩ የኮዱን ሥርዓት ስለሚያውቅ ነው። ሥርዓት የሌለው ወይም ሥርዓቱ የተደበቀ ኮድ ሲሆንስ? እ.ኤ.አ. በ1978 በርለካምፕ፣ ማክኤሊስና ቫን ቲልቦርግ ማንኛውንም ኮድ ማረም በሒሳብ እጅግ ከባድ ከሚባሉት ጥያቄዎች አንዱ መሆኑን አረጋገጡ። ፈጣን መፍትሔ እስካሁን አልተገኘለትም። ማክኤሊስ በዚያው ዓመት ክብደቱን ቁልፍ አደረገው፦ መልእክቱ ላይ ሆን ተብሎ ስህተት ይጨመራል፤ የተደበቀውን ሥርዓት የሚያውቀው ተቀባይ ብቻ አርሞ ያነበዋል። ሰሙን ሁሉም ያያል፣ ወርቁን ግን ባለቤቱ ብቻ ያገኛል። ቁልፉን ማስረዘም አስፈለገ እንጂ ሐሳቡ እስከ ዛሬ አልተሰበረም።

«ኔትወርክ በወጉ በማይሠራበት አገር የምን ኳንተም ነው?» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን ይመለከተናል። በኢንተርኔት የሚተላለፈው መረጃ ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው ሲጠበቅ የኖረው በሌላ ሒሳብ ነው፤ ያንን ደግሞ ብርቱ የኳንተም ኮምፒዩተር ሊፈታው እንደሚችል ፒተር ሾር እ.ኤ.አ. በ1994 አሳይቷል። እንዲህ ያለው ማሽን ገና አልተሠራም። ነገር ግን ዛሬ የተሰረቀ የተቆለፈ መረጃ ተቀምጦ ያኔ ሊከፈት ይችላል። የይለፍ ቃል ይቀየራል። ከጭላሎ ተራራ ግርጌ ያለው ገበሬ ለፋይዳ የሰጠው የአሥር ጣት አሻራና የዓይን ምስል ግን ዕድሜ ልኩን ያው ነው።

የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት እ.ኤ.አ. በ2024 ኳንተምን የሚቋቋሙ ደረጃዎችን አወጣ፤ በመጋቢት 2025 ደግሞ በስህተት አራሚ ኮድ ላይ የተመሠረተውን ኤችኪውሲን ለመጠባበቂያ መረጠ። እንግዲህ ቁልፉ አለ ማለት ነው። ፋይዳን የሚያስተዳድረው አካል፣ ባንኮችና ኢትዮ ቴሌኮም ወደዚያ መቼ እንደሚሻገሩ ቀን ቆርጠው ለሕዝብ ይንገሩ። እንደ አርሲ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተቋማትም ይህንን ሒሳብ አጥብቀው ያስተምሩ፤ የገዛ በራችንን ቁልፍ የሚመረምር ሰው ከውጭ መጠበቅ የለብንም። አሻራ አንዴ ከወጣ የሚመልሰው የለም።